የሕንፃ ሥራ ዕውቀት በመዝገብ ይጠበቅ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መጠለያ ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። ቤትም በድንጋይና በእንጨት፤ በሲሚንቶና በብረት ብቻ የሚሠራ ይመስላል እንጂ በእውነቱ የሚሠራው በዕውቀት ነው። ድንጋዩ በተራራው ላይ፤ አሸዋውም በወንዙ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ ቤት ያደረገው ግን የሰው ብልሃት ነው። እንግዲህ አንድ ተቋራጭ ንብረቱን ሲቈጥር መኪናውን፤ የአርማታ ማደባለቂያውን፤ ሳንቃውንና መሣሪያውን ብቻ ቈጥሮ ዕውቀቱን ሳይቈጥር የቀረ እንደ ሆነ፤ ከሀብቱ የሚበልጠውን ክፍል ረሳው ማለት ነው።

ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለ ታላላቆቹ የሕንፃ ሥራ ኩባንያዎች አይደለም። እነርሱ መሐንዲሶችና ጸሐፊዎች፤ የመዝገብ ቤትም አሏቸው። አሳባችን ስለ ትንንሾቹ ነው፤ ይኸውም አንድ ፎርማን፤ ጥቂት ግንበኞችና አናጢዎች፤ አንድ ሁለት ፌራዮዎችና የቀን ሠራተኞች ይዘው በየወረዳው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ፤ በየአጥቢያውም ቤተ ክርስቲያንና አዳራሽ ስለሚሠሩት ተቋራጮች ነው። የሕዝቡ ልጅ የሚማርበት ክፍል፤ የታመመው የሚታከምበት ቤት፤ ምእመናን የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ብዙ ጊዜ የሚታነጸው በእነርሱ እጅ ነው። ስለዚህ የእነርሱ ዕውቀት መጥፋት ለእነርሱ ብቻ የሚደርስ ጉዳት አይደለም።

ታዲያ የእነዚህ ተቋራጮች ዕውቀት በምን ስፍራ ተቀምጦ ይገኛል ብለን ብንጠይቅ መልሱ አጭር ነው፤ በፎርማኑ ራስ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እናስብ። አንድ ተቋራጭ አለ እንበል፤ ከእርሱም ጋራ አሥራ አምስት ዓመት የሠራ ፎርማን አለው። ይህ ሰው በከተማው በምሥራቅ በኩል ያለው መሬት ዋልካ መሆኑን፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ እንደሚያብጥ፤ በበጋም ደርቆ እንደሚሰነጠቅ፤ ስለዚህም መሠረቱ የዋልካውን አፈር አልፎ ከጽኑው መሬት እስኪደርስ ድረስ መቈፈር እንዳለበት ያውቃል። ከየትኛው ወንዝ የሚመጣው አሸዋ ጭቃ እንደሚበዛበት ያውቃል። እርጥብ አሸዋ በሣጥን ሲሰፈር ስለሚነፋ፤ ሣጥኑ ሞልቶ ቢታይም በውስጡ ያለው አሸዋ በደረቁ ጊዜ ከሚሰፈረው እስከ ሩብ የሚጐድል መሆኑን፤ ደግሞም አሸዋው ራሱ ውሃ ይዞ ስለሚመጣ ከሚጨመረው ውሃ መቀነስ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ከጥቂት ዓመት በፊት የሠሩት የአዳራሽ ጣራ ለምን እንዳፈሰሰ፤ በምን ብልሃትም እንዳዳኑት ያውቃል። ይህን ሁሉ ግን ማንም አልጻፈውም።

አንድ ቀን ሌላ ኩባንያ በተሻለ ደመወዝ ይወስደዋል፤ ወይም እንጀራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል፤ ወይም ይታመማል፤ ይሞታል። ያን ጊዜ ተቋራጩ መኪናውም ሳንቃውም ገንዘቡም እንዳለ ሆኖ፤ በአንድ ሌሊት ድሀ ሆኖ ያድራል። አዲሱ ፎርማን የዋልካውን መሬት ጠባይ አያውቅምና መሠረቱን አሳጥሮ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ክረምት አልፎ በጋው ሲገባ ግድግዳው ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ ዋጋ የተከፈለበት ትምህርት ሁለተኛ ዋጋ ይከፈልበታል። ሁለተኛውን ዋጋ የሚከፍለው ተቋራጩ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ዳሩ ግን ከፋዩ መንግሥትና ሕዝብ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የሚከፈለው ገንዘብ ሳይሆን የሰው ሕይወት ነው። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ብለው የተናገሩት እንዲህ ያለውን ጉዳት አይተው መሆኑ አያጠራጥርም።

ከሌሎች ሥራዎች ይልቅ የሕንፃ ሥራ ለዚህ ጉዳት የተጋለጠበት ምክንያት አለው። ሸማኔ ትናንት በተቀመጠበት ጕድጓድ ዛሬም ይቀመጣል፤ የሠራው ስሕተት ከዓይኑ አይርቅም፤ ልጁም በአጠገቡ ተቀምጦ እያየ ይማራል። የሕንፃ ሠራተኛ ግን እንደዚህ አይደለም። ለአንድ ሥራ ይሰበሰባል፤ ሥራው ሲፈጸም ይበተናል። ዛሬ በቈላ፤ ነገ በደጋ ይሠራል፤ መሬቱም፤ አሠሪውም፤ ንድፉም በየጊዜው ይለወጣል። የተሠራው ቤት ጕድለቱን የሚያሳየው ሠራተኛው ከተበተነ በኋላ ስለ ሆነ፤ ያጠፋው ሰው ጥፋቱን ሳያይ ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ያንኑ ጥፋት ይደግመዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአዲስ አበባ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ብዙ ወጣቶች በትንንሽ ማኅበራት ተደራጅተው ብሎኬት በማምረት፤ አርማታ በመሥራት፤ በርና መስኮት በመበየድ ሙያ ቀስመዋል። ይህ የሚያስመሰግን ነገር ነው። ነገር ግን ማኅበር በፈረሰ ቍጥር የተገኘው ትምህርት በየሰው ራስ ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ በኋላ የሚደራጀው ማኅበርም ከፊደል መጀመር ግድ ይሆንበታል።

ደግሞ የማይጻፍ ቃል በታላላቆቹም ዘንድ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያመጣ ከአሜሪካ አገር አንድ ምስክር እንጥቀስ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. በካንሳስ ሲቲ ከተማ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከጣራው በብረት ዘንግ ተንጠልጥለው የተሠሩ መተላለፊያ ድልድዮች ሕዝብ በተሰበሰበበት ሰዓት ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ሲመረመር፤ በመጀመሪያው ንድፍ ላይኛውንና ታችኛውን ድልድይ አንድ ረጅም ዘንግ እንዲይዛቸው የታሰበው ቀርቶ በሁለት አጫጭር ዘንጎች መለወጡ ተገኘ። በዚህም ለውጥ የታችኛው ድልድይ በላይኛው ላይ ተንጠለጠለና የላይኛው መጋጠሚያ የሚሸከመው ሸክም እጥፍ ሆነ። ብረቱን የሠራው ወገን ለውጡን በስልክ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል አለ፤ መሐንዲሶቹ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አልሰማንም አሉ። አንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አንዱ የሌላውን ስሕተት በጊዜው ሊያየው በቻለ ነበር። እንግዲህ ብዙ መሐንዲሶች ባሉበት አገር በቃል የተሰጠ ትእዛዝ ይህን ያህል ጥፋት ካመጣ፤ ትእዛዝ ሁሉ በስልክና በአፍ በሚተላለፍበት በትንሹ ተቋራጭ ዘንድ አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ከዚህ በላይ የተናገርነውን ሰምቶ፤ እንግዲያው ሁሉን ጽፈን ብናስቀምጥ ነገሩ ያልቃል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ይህም ትክክል አይደለም። በሃንጋሪ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ያስተማረው ሊቅ ሚካኤል ፖላኒ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፤ ሰው ከሚያውቀው ነገር ውስጥ በቃል ሊናገረው የማይችለው ክፍል አለ። ግንበኛው ድንጋዩን በመዶሻ መትቶ ድምፁን በመስማት ብቻ ስንጥቅ እንዳለበት ይለያል፤ ልሰን የሚለስነውም ሰው ጊዜው የደረሰ መሆኑን በመዳፉ ያውቃል። እንዴት አወቅህ ቢሉት ግን ቃል ያጥረዋል።

ኢኩጂሮ ኖናካ የተባለ የጃፓን ሊቅ ይህንኑ አሳብ ሲያስረዳ የተናገረው ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. ማትሱሺታ የተባለው ኩባንያ በቤት ውስጥ ዳቦ የሚጋግር መኪና ለመሥራት ሲደክም፤ መኪናው ሊጡን በሚገባ ማሸት አልቻለም። በብዙ መሣሪያ መርምረው መፍትሔ ባጡ ጊዜ፤ ከኩባንያው ሠራተኞች አንዲቱ በኦሳካ ከተማ ወደሚገኝ ሆቴል ሄዳ ከዳቦ ጋጋሪዎቹ አለቃ ዘንድ ደቀ መዝሙር ሆነች። በእጇ እያሸች ብትማር፤ ባለሙያው ሊጡን በተለየ አኳኋን እየጠመዘዘ እንደሚስበው አስተዋለች። ያየችውንም ለመሐንዲሶቹ ነግራ መኪናው ተቃና። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። የእጅ ዕውቀት ከባለሙያው አጠገብ ተቀምጦ ካልሆነ አይገኝም፤ ከተገኘም በኋላ ተነግሮና ተጽፎ ለሌላው ካልተላለፈ የአንድ ሰው ሀብት ሆኖ ይቀራል።

ይህ አሳብ ለእኛ አገር ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ብዙ ዘመን በቃል ብቻ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ኖሮ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት መጻሕፍት ከተቃጠሉና ሊቃውንት ካለቁ በኋላ፤ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። መምህራኑ ሲያልቁ ዜማው አብሮ ሊያልቅ መቃረቡን አይተው ነው ይህን ያደረጉት። ዳሩ ግን ምልክቱ ከተሠራ በኋላ መምህሩ አልቀረም፤ ተማሪው ዛሬም በመሪጌታው ፊት ተቀምጦ ዓመታት ይማራል። ምልክቱ ዜማው እንዳይረሳ ይጠብቃል፤ መምህሩ ደግሞ ምልክቱ የሞተ ጭረት ሆኖ እንዳይቀር ነፍስ ይሰጠዋል። እንግዲህ ለሕንፃ ሥራም የምንመኝለት ሥርዓት ይህ ነው፤ መዝገብ ከመምህር ጋራ፤ መምህርም ከመዝገብ ጋራ እንዲሆኑ ነው።

በሕንፃም በኩል ቢሆን ምሳሌ አናጣም። በጐንደር የሚገኙት የአፄ ፋሲልና የተከታዮቻቸው ግንቦች በድንጋይና በኖራ የታነጹ ናቸው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ጥገና ሲደረግላቸው ግን ሲሚንቶና አርማታ ገባባቸው። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ የጠነከረ ስለ ሆነ የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ኖራ የግድግዳውን እርጥበት ወደ ውጭ ሲያሳልፍ ሲሚንቶ በውስጡ ያፍነዋል፤ ድንጋዩንም ይጐዳዋል። በኋላም የጥገና ባለሙያዎች ወደ ኖራው አሠራር መመለስ ግድ ሆነባቸው። ጠጋኝ የፊተኛውን ግንበኛ ዕውቀት ሳይጠይቅ በራሱ ዘመን ዕውቀት ብቻ የሠራ እንደ ሆነ፤ አሳቡ መልካም ቢሆንም እንኳ ሥራው እንደሚያፈርስ ይህ ማስረጃ ነው። ዛሬ የምንሠራውንም ትምህርት ቤት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ይጠግነዋል። ያ ሰው መሠረቱ ምን ያህል እንደ ጠለቀ፤ በምሰሶው ውስጥ ስንት ፌሮ እንደ ገባ፤ የውሃው ቧንቧ በየት እንደሚያልፍ የሚጠይቀው ማንን ነው?

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ትንሹ ተቋራጭ ምን ያድርግ? ብዙ ወጪና ብዙ ጸሐፊ የሚጠይቅ ነገር አንመክረውም። የሚያስፈልገው አራት ደብተርና ጥቂት ትጋት ነው።

አንደኛው የዕለት መዝገብ ነው። በየማታው አንድ ገጽ ብቻ ይጻፍበት፤ የዕለቱ አየር፤ የሠራተኛው ቍጥር፤ የተሠራው ሥራ፤ የገባው ዕቃ፤ የተሰጠው ትእዛዝና ትእዛዙን የሰጠው ሰው። የአርማታ ጥንካሬ በደንቡ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። በዚያ ቀን የናሙናው ውጤት ጐድሎ ቢገኝ፤ ከ28 ቀን በፊት የተሞሉት ምሰሶዎች የትኞቹ እንደ ሆኑ፤ ሲሚንቶው ከየት እንደ መጣ፤ ከተሞላም በኋላ ስንት ቀን ውሃ እንደ ጠጣ የሚመሰክር የዕለት መዝገብ ብቻ ነው። መዝገቡ ከሌለ ሁሉም ምሰሶ ይጠረጠራል፤ ወይም ከዚህ የከፋው ይሆናል፤ አንዱም ሳይጠረጠር ይታለፋል።

ሁለተኛው የለውጥ መዝገብ ነው። ንድፉ እንዲህ ይል ነበር፤ እኛ እንዲህ ሠራነው፤ ምክንያቱም ይህ ነው፤ የፈቀደውም እገሌ ነው ተብሎ ይጻፍበት። በስልክ ወይም በቴሌግራም የመጣ ትእዛዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደዚህ መዝገብ ይግባ። ፌሮው በአርማታ፤ ቧንቧውም በአፈር ከመሸፈኑ በፊት በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት በማኅበሩ ዘንድ ይቀመጥ። በሠራተኛው ስልክ ውስጥ ብቻ የቀረ ፎቶግራፍ ከሠራተኛው ጋራ አብሮ ይሄዳልና።

ሦስተኛው የመጠንና የወጪ መዝገብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ግንብ ስንት ቀን ፈጀ? ስንት ከረጢት ሲሚንቶ በላ? ስንቱስ ባከነ? ይህን ያልጻፈ ተቋራጭ በጨረታ ዋጋ የሚያቀርበው በግምት ነው። ገምቶ ያሳነሰ እንደ ሆነ ሥራውን ያገኛል፤ ነገር ግን መካከል ላይ ገንዘቡ ያልቅበትና ወይ ሥራውን ጥሎ ይጠፋል፤ ወይ ከሲሚንቶው ይቀንሳል። ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቈጥር ዘንድ የተነገረው ምሳሌ ለካህናት የታወቀ ነው።

አራተኛው የስሕተት መዝገብ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ምን ተበላሸ? ከምን የተነሣ ተበላሸ? በምን ዳነ? ዋጋው ስንት ሆነ? ተብሎ በአጭሩ ይጻፍበት። ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ሠራተኛው ሁሉ ስለሚሰበሰብ፤ ከክፍያው በፊት ግማሽ ሰዓት ተወስዶ የሰሞኑ ነገር ይነበብ፤ ግንበኛውም አናጢውም ያየውን ይናገር። መጻፍ የማይችል ባለሙያ ቢኖር ከሙያ ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ወጣት ይጻፍለት፤ ወይም ቃሉ በስልክ ድምፅ መቅጃ ይያዝ። ይኸው ወጣት ለፎርማኑ ደቀ መዝሙር ሆኖ ይመደብ። እርሱ ከፎርማኑ የእጅ ሥራ ይማራል፤ ፎርማኑም በእርሱ እጅ ዕውቀቱን ያስጽፋል።

በዚህ ምክር ላይ የሚነሡ ክርክሮች እንዳሉ እናውቃለን። ተቋራጩ፤ ጊዜ የለኝም፤ ወረቀት የታላላቆች ነገር ነው ይል ይሆናል። የተሰነጠቀ ግድግዳ አፍርሶ ለመሥራት ጊዜ የሚያገኝ ሰው ግን በየማታው ሩብ ሰዓት አጣሁ ቢል የሚታመን አይደለም።

ሌላው ክርክር የፎርማኑ ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዕውቀቴ እንጀራዬ ነው፤ ጽፌ ከሰጠሁ በኋላ ነገ ቢያሰናብቱኝ ምን ይቀርልኛል? ይላል። እውነቱን ነው። ዕውቀቱን አስጽፎ ባለቤቱን መጣል ከስርቆት አይለይም። ስለዚህ አሠሪው፤ ባለሙያው በመሥራቱ ብቻ ሳይሆን በማስተማሩም ደመወዝ ሊጨምርለት ይገባል። በመዝገቡም ላይ፤ ይህን ብልሃት ያስተማረ እገሌ ነው ተብሎ ስሙ ይጻፍለት። ያስተማረ ሰው የሚከበርበት ቤት እንደ ሆነ ባለሙያው ዕውቀቱን አይሸሽግም፤ ቤቱንም ለጥቂት ብር ብልጫ ብሎ ጥሎ አይሄድም።

ሦስተኛው ክርክር፤ መዝገባችንን ሌላው ተቋራጭ ቢያየው ይበልጠናል የሚል ነው። ዋጋ የግል ምሥጢር ነው፤ የመሬት ጠባይ ግን የግል ምሥጢር አይደለም። በአንድ ከተማ የሚሠሩ ትንንሽ ተቋራጮች ዋልካው የት እንደ ሆነ፤ የከርሰ ምድር ውሃ የት እንደሚቀርብ፤ የተደፈነ ጕድጓድ የት እንዳለ፤ የትኛው አሸዋ መታጠብ እንደሚያስፈልገው ቢነጋገሩ አንዱም አይጐዳም፤ ከተማው ግን ይጠቀማል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነውና።

አሁን ቃላችንን ወደ ሹማምንት እንመልስ። ተቋራጭ የሚጽፈው አሠሪው ሲጠይቀው ነው። አሠሪው መሥሪያ ቤት የሚመለከተው ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፤ መዝገብ ለመያዝ የደከመው ተቋራጭ ካልደከመው ጋራ እኩል ይቈጠራል፤ እንዲያውም በዋጋ ይበለጣል። ስለዚህ በውሉ ውስጥ የዕለት መዝገብና የለውጥ መዝገብ የሚያዝ መሆኑ ይጻፍ፤ ቤቱ እንደ ተሠራ የሚያሳየውም ንድፍ የመጨረሻው ክፍያ ከመከፈሉ በፊት ለአሠሪው ይሰጥ። የተሰጠውም ወረቀት በሹሙ ጠረጴዛ ላይ አይቅር፤ በወረዳው መዝገብ ቤት በቍጥር ገብቶ ይቀመጥ። ፎርማን እንደሚሄድ ሁሉ ሹምም ይዛወራልና፤ የመሥሪያ ቤቱም ዕውቀት ከአንድ ሰው ጋራ መሄድ የለበትም።

በተለይ ግን የስሕተትን መዝገብ ነገር ሹማምንት በጥንቃቄ ሊያዩት ይገባል። ሰው በቅንነት የጻፈው ስሕተት ወዲያው መክሰሻ የሚሆንበት እንደ ሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነት የሚጽፍ አይገኝም፤ ደብተሩም በሐሰት ይሞላል። በሌላ ወገን ደግሞ የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ጕድለት ትምህርት ነው ተብሎ ተሸሽጎ ሊቀመጥ አይገባም። የሚሻለው መንገድ ይህ ይመስለናል፤ ለሕይወት የሚያሰጋውን ጕድለት ተቋራጩ በዚያው ቀን ያስታውቅ፤ በጊዜው ያስታወቀም ሰው ከሸሸገው ተለይቶ በቀላል ይታይ፤ የቀረው የየዕለቱ ስሕተት ግን ለማኅበሩ መማሪያ ይሁን።

የተከበራችሁ ካህናትና የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አባሎች ሆይ፤ እናንተም አሠሪዎች ናችሁ። ምእመናን ከጕሮሯቸው ነጥቀው ባዋጡት ገንዘብ የሚሠራው ሕንፃ በአንድ ፎርማን ቃል ላይ ብቻ ሊቆም አይገባም። ንጉሥ ዳዊት የቤተ መቅደሱን ሥራ ለልጁ ለሰሎሞን ሲያስረክብ በቃል ብቻ አልተናገረውም፤ ንድፉን በጽሑፍ ነው የሰጠው። የሚያንጸው ሌላ መሆኑን ያወቀ አባት ይህን ማድረጉ ተገቢ ነበረ። በየአጥቢያው ዕቃ ቤት የንዋየ ቅድሳት መዝገብ እንዳለ ሁሉ የሕንፃውም መዝገብ ከዚያው ጋራ ይቀመጥ፤ የሠራው ማን እንደ ሆነ፤ መሠረቱ እስከ የት እንደ ወረደ፤ ጣራው መቼ እንደ ተጠገነ ይጻፍበት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ግድግዳውን ሳያፈርስ የግድግዳውን ምሥጢር ያገኛል።

በመጨረሻ የምንለው ይህ ነው። አገራችን በየዓመቱ ብዙ ቤት ትሠራለች፤ ከእያንዳንዱ ቤትም ጋራ ብዙ ትምህርት ይገኛል። ቤቱ ቆሞ ትምህርቱ ከጠፋ ያተረፍነው ግማሹን ብቻ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከውጭ አገር የሚመጣ መኪና አይደለም፤ ደብተርና እርሳስ፤ የሚያስተምር ባለሙያ፤ የሚያከብረው አሠሪ፤ መዝገቡንም የሚጠይቅ ሹም ነው። እነዚህ ሁሉ በእጃችን ያሉ ናቸው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ከሥራ በፊት ያልተጻፈውን ከሥራ በኋላ መጻፍ የጀመረ ተቋራጭ ቢገኝ፤ ነገ ከእርሱ ቤት ፎርማን ቢሄድ እንኳ ዕውቀት አይሄድበትም።